ገማቹም ገዢውም አንድ ሰው ሲሆን

እትዬ ጠመንጃውን ያመጡልኝ በሕፃን ብርድ ልብስ ጠቅልለው ነው። መኪናቸው የኋላ ወንበር ላይ አጋድመው፣ ቀበቶ አስረውለት፣ አውሮራ ከተማ ካለው ቤታቸው እኔ ዘንድ ድረስ ቀስ ብለው ነድተው መጡ። 6 ዓመት ሙሉ ቤታቸው እየሄዱ ያስታመሟቸው አሜሪካዊ ሽማግሌ ሲያርፉ በኑዛዜ የተዉላቸው ንብረት ነው። ሕጉ የሚጠይቀውን ከሟቹ ልጅ ጋር ሆነው ጨርሰዋል። የቀራቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ስንት ያወጣል? ሱቅ ወስጄው ሰውየው 250 ዶላር አለኝ። ልስጠው?»

«ሰውየው ምኑን ምኑን አየው፣ እትዬ?»

«አነሳው፣ ገልበጥ አደረገው፣ አስቀመጠው።»

«ስንት ደቂቃ ፈጀበት?»

«ኧረ ምን ደቂቃ! ኮቴን እንኳ አላወለቅኩም።»

እኔ 9 ዓመት በአንድ የጥንት ዕቃ ሐራጅ ቤት ውስጥ ለጨረታ የሚቀርቡ ዕቃዎችን ስመዘግብ ኖሬያለሁ። ሰዓት፣ ጎራዴ፣ የብር ሳህን፣ ጠመንጃ በእጄ አልፏል። ስለዚህ 250 ዶላር ትንሽ ነው ወይስ ብዙ ነው ከሚለው በፊት የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ኮት ሳይወለቅ የተነገረ ዋጋ በምን ላይ ቆሞ ነው? ሰውየው ያየው ጠመንጃውን ነው ወይስ ጠመንጃውን ይዘው የገቡትን ሴትዮ?

ነገሩ ዊንቸስተር ሞዴል 1894 ነው። ከምላጩ ሥር ያለው የብረት እጀታ ወደ ታች ተገፍቶ ሲመለስ ባዶውን ቀለህ ይተፋና አዲስ ጥይት ያጎርሳል። አሜሪካኖች ሌቨር አክሽን የሚሉት ይኸው ነው፤ ከካውቦይ ፊልም ሁላችንም የምናውቀው። ንድፉ የዩታው ተወላጅ የጆን ብራውኒንግ ሥራ ሲሆን፣ የተሠራው ኮኔቲከት ውስጥ ኒው ሄቨን ከተማ በነበረው ፋብሪካ ነው።

ሰውየው ለእትዬ የሰጠው አንድ ምክንያት ነበር፤ «ይህ ሞዴል ከ7 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል፣ ሞልቷል» አላቸው። ቁጥሩ እውነት ነው። ግን ከ7 ሚሊዮኑ የትኛው? ፋብሪካው አንድ ሚሊዮንኛውን ለፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ ያበረከተው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው። ይህ ማለት በመጀመሪያዎቹ 33 ዓመታት የተሠራው አንድ ሚሊዮን ግድም ነው፤ ቀሪው 6 ሚሊዮን ከዚያ በኋላ፣ የኒው ሄቨኑ ፋብሪካ በ2006 እስኪዘጋ ድረስ የወጣ ነው። በ1964 ደግሞ ፋብሪካው ወጪ ለመቀነስ ብሎ አሠራሩን ቀየረ፤ ሰብሳቢዎች እስከ ዛሬ ከዚያ በፊትና ከዚያ ወዲህ እያሉ ለይተው ነው የሚገዙት። የእትዬ ጠመንጃ ቁጥር ባለ ስድስት አኀዝ ነው፤ ከመጀመሪያው ሚሊዮን፣ እሱም ውስጥ ከመጀመሪያው ሲሶ። ታዲያ የ1980ዎቹን ጠመንጃ ብዛት አምጥቶ በዚህኛው ላይ መጫን ምን የሚሉት ሚዛን ነው? ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው ይህን አያውቅም ማለት ይከብደኛል። ካወቀ ደግሞ ለምን አልተናገረም?

የወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ፎጣ ዘረጋሁ። መጀመሪያ እጀታውን ገፍቼ አፈሙዙም ከሥሩ ያለው የጥይት ቱቦም ባዶ መሆናቸውን አረጋገጥኩ፤ ይህን ሳያደርግ አሮጌ ጠመንጃ የሚያገላብጥ ሰው ካያችሁ ክፍሉን ለቅቃችሁ ውጡ። ከዚያ ባትሪ አብርቼ እንጨቱና ብረቱ ከሚገናኙበት ቦታ ጀመርኩ።

ለምን ከዚያ? ፋብሪካው እንጨቱን ሲገጥም ከብረቱ በጥቂቱ ከፍ አድርጎ ነበር የሚተወው። ጣት ሲሄድበት ጠርዙ ይታወቃል። አንድ ሰው መሃል ላይ አሳምረዋለሁ ብሎ በብርጭቆ ወረቀት ከፈተገው ግን እንጨቱ ከብረቱ ዝቅ ይላል፤ ብረቱ ጥፍር ይይዛል። የእትዬ ጠመንጃ ሰደፉ ላይ ያለው ብረት እንደ ጨረቃ ወደ ውስጥ የጎበጠ ነው። በዙሪያው ጥፍሬን ስነዳው የያዘኝ እንጨቱ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ማንም አልፈተገውም ማለት ነው። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ጥፍርና ግማሽ ደቂቃ ነው። ሰውየው ይህን ግማሽ ደቂቃ ለምን ነፈጋቸው?

ቀጥሎ ብሎኖቹ። ባለሙያ የፈታው ብሎን አፉ ቀጥ ብሎ ይኖራል፤ ልክ ባልሆነ ካቻቪቴ የተታገሉት ግን ከንፈሩ ይቀደዳል። በግራ በኩል ካሉት አንዱ ተቀዷል፣ ሌሎቹ ደህና ናቸው። አፈሙዙ ስምንት ማዕዘን ነው። ሜትር ሳስይዘው 26 ኢንች ሙሉ ሆኖ ተገኘ፤ ይህ ለረጅሙ ዓይነት የፋብሪካው የተለመደ ልክ ስለሆነ ማንም ቆርጦ አላሳጠረውም። በላዩ የተቀረጹት ፊደላት ጠርዛቸው ስለታም ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ብረት እንደገና ተወልውሎ እንደገና ሲቀልም መጀመሪያ የሚሞቱት ፊደላቱ ናቸው፣ ልክ ብዙ እጅ እንደነካው ሳንቲም ድብዝዝ ይላሉ።

የብረቱ ቀለም ግን አብዛኛው ሄዷል። ከላይ ቡናማ ሆኗል። እጀታውን ገፍቼ ከሥሩ ተሸፍኖ የኖረውን ብረት በባትሪ ሳየው፣ እዚያ የምሽት ሰማይ የመሰለው ሰማያዊው ጥቁር እንዳለ ተቀምጧል። ይህን አይቼ ትንሽ ዝም አልኩ። እትዬም ጎንበስ ብለው አዩና «ልክ እንደ አዲስ!» አሉ። ያ ጥግ ምስክር ነው፤ ውጪው ቡናማ የሆነው በእጅና በጊዜ እንጂ በአሲድ አለመሆኑን ይናገራል።

ጉድለቱንም አልደበቅኳቸውም። የአፈሙዙ ውስጥ ጠቁሯል፤ ጥምዝምዝ ቦዮቹ ይታያሉ፣ ግን ዝገት ነካክቷቸዋል። የዚያን ዘመን ጥይት መለኮሻው ጨው የመሰለ ቅሪት ስለሚተው፣ ከተኩስ በኋላ ያልተወለወለ አፈሙዝ ከውስጥ ይበላ ነበር። በፊት ለፊት ያለው እንጨት ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቀጭን ስንጥቅ አለች። የኋላው ማነጣጠሪያ ከጠመንጃው ጋር የተወለደ አይደለም፤ በኋላ የተገጠመ ነው። እነዚህ ሦስቱ ዋጋ ይቀንሳሉ። ምን ያህል እንደሚቀንሱ ግን ሰውየው ተናግሯል ወይ? አልተናገረም፤ አላያቸውማ! ያላየውን ጉድለት ቀንሶ፣ ያላየውን ደህንነት ሳይጨምር እንዴት 250 ላይ ደረሰ?

በዚህ ሙያ ብዙ ሰው የሚከተለው የአሜሪካ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር ደረጃ አለ። በዚያ መሠረት አንድ የጥንት ጠመንጃ «እጅግ ጥሩ» ለመባል ክፍሎቹ ሁሉ የራሱ፣ የፋብሪካ ቀለሙም ከ80 በመቶ በላይ መሆን አለበት። ከዜሮ እስከ 30 በመቶ ቀለም ያለው፣ ክፍሎቹ ግን የራሱ የሆነ ጠመንጃም «በጣም ጥሩ» የሚባል ቦታ አለው። ልብ በሉ፤ ቀለሙ የሄደ ሁሉ ወዳቂ አይደለም። ደረጃው የሚጠይቀው መጀመሪያ የራሱ ነው ወይ ብሎ ነው፣ ማማሩን ከዚያ በኋላ። የእትዬ ጠመንጃ በዚያች አንዲት ማነጣጠሪያ ምክንያት ክርክር ውስጥ ይገባል፤ ይግባ! ክርክሩ በፊታቸው ይካሄድ ነው የምለው።

አያቴ ጎጃም ውስጥ አንድ ምንሽር ነበራቸው። እኔ ልጅ ሆኜ በአመድ ፍቄ ላብራልዎ ስል እጄን ያዙና «ቅባው እንጂ አትፋቀው» አሉኝ። እሳቸው ስለ ገበያ አስበው አይደለም። ግን አሜሪካ መጥቼ ሐራጅ ቤት ስገባ የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ቃል ሆኖ ጠበቀኝ። ስንት ወራሽ ነው ሊሸጥ ባሰበበት ሳምንት ጠመንጃውን በብረት ሱፍ ፈግፍጎ፣ እንጨቱን ቫርኒሽ ቀብቶ፣ ዋጋውን ገሚስ አድርጎ የመጣብን! የሚያሳዝነው ደግሞ ሁሉም ለዕቃው አዝነው ማድረጋቸው ነው። ታዲያ ሻጭን ለማዳን ግድ ያለው ነጋዴ ከመስታወቱ ላይ «ሳታጸዱ አምጡ» ብሎ አንድ ወረቀት መለጠፍ ምን ይሳነዋል?

ከዕቃው ቀጥሎ መዝገቡ ይመጣል። ዋዮሚንግ ውስጥ ኮዲ በምትባል ከተማ የቡፋሎ ቢል ሙዚየም አለ። የዊንቸስተር ፋብሪካ የድሮ መዝገቦች እዚያ ተቀምጠዋል፤ ለሞዴል 1894 እስከ 354 ሺህ ግድም ያሉት ቁጥሮች ተመዝግበዋል። የጠመንጃውን ቁጥር ልካችሁ ክፍያውን ከከፈላችሁ፣ ጠመንጃው ከፋብሪካው መጋዘን ሲወጣ ምን ዓይነት አፈሙዝ እንደነበረው፣ ምን ጥይት እንደሚበላ፣ መቼ እንደተላከ ደብዳቤ ይጽፉላችኋል። እንደ መኪና ሊብሬ ቁጠሩት። መኪና ያለ ሊብሬ የሚገዛ የለም፤ ታዲያ ሊብሬው በደብዳቤ ሊገኝ የሚችልን ጠመንጃ «ምን ያደርጋል» ብሎ ማለፍ ለማን ይጠቅማል? ደብዳቤው አፈሙዙ ስምንት ማዕዘን ሆኖ ነው የወጣው ካለ፣ የኋላ ሰው አምጥቶ ገጠመው የሚለው ጥርጣሬ ያበቃል። ክብ ነበረ ካለ ደግሞ እትዬ ይወቁት፤ ዋጋውም ይውረድ።

የተሠራበት ዓመት ራሱ ገንዘብ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራውን የጥንት መሣሪያ ብሎ ይለየዋል፤ ከ1899 ጀምሮ ያለው እንደ ማንኛውም ጠመንጃ ይቆጠራል። በአንድ ዓመት ልዩነት የሚሸጥበት መንገድ ይቀየራል፣ ገዢውም ይሰፋል ወይም ይጠብባል። ሆኖም ቁጥርን ወደ ዓመት የሚመነዝሩት ሰንጠረዦች እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ለረጅም ጊዜ በየመጽሐፉ ሲታተሙ የኖሩት ከፋብሪካው የዕለት መዝገብ ጋር ሲተያዩ ለዚህ ሞዴል በዓመታት የሚራራቁበት አለ። እንግዲህ «የ1897 ነው» ወይም «የ1903 ነው» የሚል ሰው የትኛውን ሰንጠረዥ አይቶ ነው? ለሻጩ ሲነግር አንዱን፣ ለገዢው ሲነግር ሌላውን ቢገልጥስ ማን ያውቃል?

እስካሁን ገዢውን ነው የጠየቅኩት። ሻጭንም ልጠይቅ፤ እትዬንም ጠይቄያቸዋለሁ።

«ሽማግሌው የነገሩኝ ታሪክ አለ» አሉኝ። የሟቹ አያት ዋዮሚንግ ውስጥ ከብት ሲነዱ ይህን ጠመንጃ ይዘው፣ ሌቦችን ተከላክለው፣ ብዙ ነገር ሆኗል። «ታሪኩ ዋጋ አይጨምርም?»

«ወረቀት አለ?»

«ፎቶ አለ።» ከቦርሳቸው አወጡ። ባርኔጣ ያጠለቀ ሰው በፈረስ ላይ ተቀምጦ ጠመንጃ ጭኑ ላይ አጋድሟል።

ጠመንጃ ነው። የቱ ጠመንጃ? አፈሙዙ ክብ ይሁን ስምንት ማዕዘን ከፎቶው አይለይም። ቁጥሩ አይነበብም። የሰውየው ስም ከጀርባው አልተጻፈም። እትዬ ሽማግሌውን ስለወደዱ ታሪኩንም ወደዱት፤ ይህን በሙሉ ልብ አከብራለሁ። ግን የማያውቅ ገዢ ለዚህ ታሪክ ለምን ይክፈል?

ታሪክ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። በ2016 አንድ ዊንቸስተር ሞዴል 1886 በሮክ አይላንድ ሐራጅ ቤት 1 ሚሊዮን 265 ሺህ ዶላር ተሸጧል። የአፓቹን መሪ ጀሮኒሞን ያሳደደው የካፒቴን ሄንሪ ሎተን ጠመንጃ ነው። ያን ያህል ያወጣው ለምንድን ነው? የሞዴሉ ቁጥር 1 ነው፤ ለሎተን የሰጠው ፋብሪካው ውስጥ ይሠራ የነበረ ወዳጁ አልቢ ነው፤ የሁለቱም ስም ብረቱ ላይ ተቀርጿል። ታሪኩ ከብረቱ ጋር ተጋጥሟል፤ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። የእትዬ ፎቶና የእትዬ ጠመንጃ ግን ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ዕቃዎች ናቸው። የሚሊዮኑን ዜና ሰምተው «የእኔም ዊንቸስተር ነው» ብለው የሚመጡ ስንት ሰዎች አስተናግጃለሁ! ከነሱ ውስጥ የራሳቸውን ጠመንጃ ቁጥር አንብበው የመጡት ስንቶች ነበሩ?

ደግሞ ሌላው ጫፍ አለ። በኖቬምበር 2014 ኔቫዳ ውስጥ በግሬት ቤዚን ብሔራዊ ፓርክ ሠራተኞች አንድ ዊንቸስተር ሞዴል 1873 ከጥድ ዛፍ ጋር ተደግፎ እንደቆመ አገኙ። እንጨቱ ከዛፉ ቅርፊት ጋር እስኪመሳሰል ግራጫ ሆኗል፣ ተሰነጣጥቋል፤ ሰደፉ አፈር ገብቷል። መዝገቡ ሲታይ በ1882 የተሠራና የተላከ ነው። ለማን? መዝገቡ አይናገርም። ማን ዛፉ ሥር አቁሞት ሄደ? ለምን ተመልሶ አልመጣም? ይህም አይታወቅም። ያ ሞዴል በጠቅላላው 720,610 ተሠርቷል፤ በ1882 ዋጋው 25 ዶላር ግድም ነበር። ባለሙያዎቹ ጠመንጃውን አላደሱትም፤ እንጨቱ ከዚህ በላይ እንዳይፈርስ ብቻ አድርገው ባለበት አቆዩት። ማንም ስሙን ያልጻፈበትን፣ የተሰነጠቀና የዛገ ጠመንጃ ሰው ተሰልፎ የሚያየው ለምንድን ነው? የተገኘበት ቦታና ሁኔታ በምስክር ፊት ስለተመዘገበ ነው። ያው የተሰነጠቀ ጠመንጃ ያለዚያ መዝገብ የአንድ ሱቅ ጥግ ላይ ቢቀመጥ ከመለዋወጫ ዋጋ ያልፋል?

ስለዚህ እትዬን የመከርኳቸው ፎቶውንም ታሪኩንም እንዲጥሉ አይደለም። የሟቹን ልጅ በስልክ ጠርተው፣ የአባቷ አያት ማን እንደነበሩ፣ አባቷ ጠመንጃውን ከማን እንደወረሱ በእጇ ጽፋ ቁጥሩን ጠቅሳ እንድትፈርምላቸው ነው። ያ ወረቀት ሚሊዮን አያመጣም። ግን የተነገረው ከተናገረው ሰው ጋር እንዳይሞት ያደርጋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። «ስንት ያወጣል?» ስንል የቱን ዋጋ ነው የምንጠይቀው? አንድ ጠመንጃ በሐራጅ መዶሻው 1,000 ዶላር ላይ ወደቀ እንበል። ሐራጅ ቤቱ ከገዢው 20 በመቶ ቢጨምር ገዢው 1,200 ይከፍላል። ከሻጩ 15 በመቶ ቢቆርጥ ሻጩ 850 ይዞ ይወጣል። በማግስቱ የሚታተመው ዋጋ 1,200ው ነው። ያንን ያነበበ ወራሽ «የእኔም 1,200 ነው» ይላል፤ 850 ሲሰጡት ተዘረፍኩ ብሎ ያዝናል። ሱቅ መስታወት ውስጥ የተሰቀለው ወረቀት ደግሞ የተጠየቀ እንጂ የተከፈለ ዋጋ አይደለም፤ ሁለት ዓመት ሳይሸጥ አቧራ የጠጣ ሊሆን ይችላል። ብሉ ቡክ የሚባለው የዋጋ መጽሐፍም ቢሆን በታተመበት ቀን ያለፈውን ነው የሚናገረው፤ ከመቶ ስንት ቀለም እንደቀረ በትክክል ያልለየ ሰው ሲገልጠው መስመር ይስታል። ሦስቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው። ጥፋቱ የሚመጣው አንዱን በሌላው ቦታ ሲናገሩት ነው።

እዚህ ላይ ነው ያ ሰው የጠፋብኝ። እትዬ የጠየቁት «ስንት ያወጣል?» ብለው ነበር። እሱ የመለሰው «ስንት ትሰጠኛለህ?» ለሚለው ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ናቸው ወይ? መርካቶ ያደገ ሕፃን እንኳ ያልተጠየቀውን እንደመለሰ ያውቅበታል።

ነጋዴው ማትረፉን አልቃወምም። ኪራይ አለበት፣ ፈቃድ አለበት፣ ገንዘቡን በዕቃው ላይ አስሮ ወራት ይጠብቃል፣ አንዳንዱም ሳይሸጥ ይቀርበታል። የ1,000 ዶላሩን ዕቃ በ600 ልግዛ ቢል ነውር የለውም፤ ሻጩ 600 መሆኑንም 1,000 መሆኑንም አውቆ ከተስማማ። የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ራሱ የገበያ ተገቢ ዋጋ የሚለውን ሲተረጉም፣ መሸጥም መግዛትም ያልተገደዱ ሁለት ሰዎች፣ ሁለቱም ስለ ዕቃው የሚገባውን ያህል አውቀው የሚስማሙበት ዋጋ ይላል። ሁለቱም አውቀው! አንደኛው ሁሉን አውቆ ሌላኛዋ ምንም ሳታውቅ የተነገረ ቁጥር በዚያ ትርጉም መሠረት ምን ይባላል? የግምት ሙያ መመሪያውም ገማቹ በዕቃው ላይ የራሱ ጥቅም ካለው እንዲናገር ያስገድደዋል፣ ክፍያውም በገመተው ዋጋ ላይ በመቶኛ እንዳይሰላ ይከለክላል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የተደረገው ገማቹ ከቁጥሩ ላይ የሚያገኘው ነገር ካለ ቁጥሩ ወደሚጠቅመው ጎን እንደሚያዘነብል ስለታወቀ ነው። ታዲያ ገማቹ ራሱ ገዢ ሲሆን ያ ጥንቃቄ የት ይገባል? «እኔ ገማች አይደለሁም፣ ነጋዴ ነኝ» ካለ ደግሞ ስንት ያወጣል ሲባል «እሱን ሌላ ሰው ጠይቂ፣ እኔ የምሰጠው ግን ይህን ነው» ማለት ምን ከበደው? አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

የመጀመሪያው ቁጥር ደግሞ እንደ ካስማ ነው። አንዴ ከተተከለ ሁሉም ነገር በእሱ ዙሪያ ይታሰራል። እኔ ራሴ ጠረጴዛው ላይ ስመረምረው «ከ250 በላይ ነው» እያልኩ ነበር የማስበው። ለምን ከ250? ቁጥሩን ባልሰማ ኖሮ ከየት እነሳ ነበር? ይህን ሳስተውል ወረቀቴን ቀድጄ ከስንጥቋና ከፊደላቱ እንደገና ጀመርኩ። ሙያው የነበረን ሰው እንዲህ ካሰረ፣ ሥራ ውለው በማታ የገቡትን እናት እንዴት አያስር?

በማኅበረሰባችን ውስጥ ብዙ እናቶችና እህቶች የአረጋውያን እንክብካቤ ነው የሚሠሩት። ከሚያስታምሟቸው ሰዎች ሰዓት፣ ምንጣፍ፣ ሥዕል፣ አንዳንዴም ጠመንጃ ይሰጣቸዋል። ስጦታው የዓመታት ድካምና ፍቅር ነው። እሱን ይዘው ሱቅ ሲገቡ አንገታቸውን ደፍተው «ምን ያህል ቢሆን ነው?» የሚሉት ለምንድን ነው? ያንን ጥያቄ በትሕትና ሲጠይቁ የሰማ ነጋዴስ ሌላ ደንበኛ ሲገባ የሚያበራውን መብራት ለእነሱ የሚያጠፋው ለምንድን ነው?

ደብዳቤው ከኮዲ ሲመጣ አፈሙዙ ስምንት ማዕዘን ሆኖ ከመጋዘን የወጣ መሆኑን አረጋገጠ፤ ዓመቱ ግን ከ1898 በኋላ ነው። እትዬ በዓመቱ ትንሽ አዘኑ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ጠቅልለው «ና፣ አብረን እንሂድ» አሉኝ። ወደዚያው ሱቅ ነው።

ሰውየው አላወቃቸውም። እትዬ ጠመንጃውን ባንኮኒው ላይ አጋደሙና በጎኑ ደብዳቤውን፣ የልጅቱን ፊርማ ያለበትን ወረቀት፣ እኔ የጻፍኩላቸውን የጉድለት ዝርዝር ደረደሩ። ስንጥቋን ራሳቸው በጣታቸው አሳዩት። «ሁለት ነገር ልጠይቅህ» አሉት። «አንደኛ፣ ይሄ ስንት ያወጣል? ሁለተኛ፣ አንተ ስንት ትሰጠኛለህ?»

ሰውየው ደብዳቤውን አነበበ። ከመሳቢያው የአፈሙዝ መብራት አወጣ፤ መነጽሩን አደረገ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ አየ፣ ሜትር አስያዘ፣ እጀታውን ገፍቶ ያንን ሰማያዊ ጥግ አገኘው። እትዬ ኮታቸውን አውልቀው ክንዳቸው ላይ አደረጉ። ሩብ ሰዓት ካለፈ በኋላ ቀና አለ።

«መስታወት ውስጥ ባስቀምጠው 1,250 እጠይቅበታለሁ» አለ። «እኔ የምከፍለው 750 ነው።»

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ዝም አልኩ። «ልጅቷን ላማክር» አሉትና ጠመንጃውን በሕፃኑ ብርድ ልብስ መልሰው ጠቀለሉት።